የአውቶማቲክ ካምቢዮ መቆለፊያና የኤሌክትሪክ ጕድለቱ አመረማመር

ኦቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ማርሽ የሚለወጠው በሾፌሩ እጅና እግር ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በከተማው ጎዳና ከሚታዩት የቤት መኪናዎች ብዙዎቹ ማርሻቸውን ራሳቸው የሚለዋውጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ካምቢዮ አውቶማቲክ ይባላል።

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ ሳሪስ፥ ጎፋና መካኒሳ የሚገኙበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን መልእክት ያስታውሳል። በመኪና ውስጥ ግን መቆለፊያውን የሚያሠራው ኤሌክትሪክ ያለ ሽቦ አይሄድም። ስለዚህ በጋራዥ ጕድለት የሚፈልግ ሰው ሽቦውን ከምንጩ እስከ መጨረሻው ተከትሎ መመርመር አለበት።

መቆለፊያው ስለ ምን ተሠራ?

በማርሽ ዘንጉ አጠገብ አራት ምልክቶች አሉ። ፒ ማለት መቆሚያ፥ አር ማለት የኋላ ማርሽ፥ ኤን ማለት ማርሽ ያልገባበት፥ ዲ ማለት ወደ ፊት መሄጃ ነው። ዘንጉ በፒ ላይ ሲሆን በካምቢዮው ውስጥ አንድ የብረት ጥርስ ገብቶ መንኰራኵር የሚያዞረውን ክፍል ይይዘዋል። ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ፍሬን ሳይረገጥ ዘንጉ ከፒ ቢወጣ መኪናው ሳይታሰብ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ በፊቱ ሕፃን ቢኖር የሚሆነውን አንባቢ ራሱ ይገምተው።

በአሜሪካ አገር አውዲ 5000 የሚባለው መኪና በድንገት ተፈትልኮ አደጋ አደረሰ የሚል ብዙ ክስ ስለ ቀረበ፥ ኩባንያው በ1979 ዓ.ም. ፍሬን ካልተረገጠ ዘንጉን የማይለቅ መቆለፊያ በመኪናዎቹ ላይ ማግባት ጀመረ። በ1981 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ምርመራ እንዳስረዳው፥ የአደጋው ዋና ምክንያት ሾፌሮቹ ፍሬን የረገጡ እየመሰላቸው ነዳጅ መስጫውን መርገጣቸው ነበር። በኋላም በዚያ አገር ከነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠሩ አውቶማቲክ የቤት መኪናዎች ይህ መቆለፊያ እንዲኖራቸው በሕግ ታዘዘ።

ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ

ውሃ ከምንጩ በመስኖ ወደ እርሻ እንደሚወርድ፥ ኤሌክትሪክም በብዙ መኪናዎች እንዲህ ይሄዳል። ምንጩ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ከባትሪው ወጥቶ በፊውዝ ያልፋል። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪክ ከመጠን በላይ ሲመጣበት ቀልጦ የሚበጠስ፥ በዚህም ሽቦውን ከቃጠሎ የሚያድን ቀጭን ብረት ነው። ቀጥሎ ከፍሬን መርገጫው በላይ ወዳለው ማብሪያ ይደርሳል። እግር ሲረግጥ ማብሪያው ይገናኝና ኤሌክትሪኩ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ከኋላ ወዳሉት የፍሬን መብራቶች፥ ሁለተኛው ከማርሽ ዘንጉ ሥር ወዳለው መቆለፊያ ይሄዳል። በመቆለፊያው ውስጥ ሶሌኖይድ የሚባል የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ማግኔት ይሆንና ችንካሩን ይስባል፤ ዘንጉም ይለቀቃል።

ጕድለቱን መርምሮ ማግኘት

ዘንጉ ከፒ አልወጣ ሲል በጕልበት መጐተት መስበር ነው። ይልቁንስ በሥርዐት መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ የእጅ ፍሬኑን መሳብ፥ በመንኰራኵሮቹም ሥር ታኮ ወይም ድንጋይ ማድረግ። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን አዙሮ ኤሌክትሪኩን መክፈት። የባትሪውም ኀይል ደካማ እንዳይሆን አስቀድሞ መለካት ነው።

2ኛ፤ አንዱ ፍሬን ሲረግጥ ሌላው ከኋላ ቁሞ መብራቶቹን ይመልከት። ሁሉም ካልበሩ፥ ጕድለቱ መንገዱ በሁለት ከመከፈሉ በፊት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ይኸውም ፊውዙ ወይም ማብሪያው ነው።

3ኛ፤ ፊውዙን አውጥቶ ማየት። ቀልጦ ከተገኘ በእርሱ ቁጥር ልክ መተካት ነው፤ በ10 አምፔር ስፍራ 20 ማግባት እሳት መጥራት ነው። አዲሱም ወዲያው ቢቀልጥ፥ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ተነካክቷልና እርሱን መፈለግ ይገባል። ውሃ የገባበት የኋላ መብራት ማቀፊያም በብዙ ጊዜ ምክንያት ይሆናል።

4ኛ፤ ፊውዙ ደኅና ከሆነ ማብሪያውን በቴስተር መለካት። ኤሌክትሪክ ወደ ማብሪያው ገብቶ፥ ፍሬን ሲረገጥ ከወጪው ሽቦ ካልተገኘ ማብሪያው ተበላሽቷል ወይም ከስፍራው ተንቀሳቅሷል።

5ኛ፤ መብራቶቹ ከበሩ ግን ጆሮን ወደ ማርሽ ዘንጉ ማቅረብ። ፍሬን ሲረገጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ፥ ሶሌኖይዱ ሠርቷልና ጕድለቱ በችንካሩ፥ በዘንጉ ወይም በገመዱ ይፈለግ። ድምፅ ከሌለ ሽፋኑን ከፍቶ በሶሌኖይዱ ሽቦ ላይ መለካት ነው። ፍሬን ተረግጦ 12 ቮልት ያህል ከደረሰ፥ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ሽቦ ወይም ሶሌኖይዱ ራሱ ታሟል። ካልደረሰ፥ በመካከል ያለው ሽቦ ተበጥሷል ወይም መቆጣጠሪያው አልሠራም። ቡና ወይም ለስላሳ የፈሰሰበት ዘንግ ይህን ሕመም በቶሎ ያገኛል።

ማስጠንቀቂያ

በብዙ መኪናዎች ከዘንጉ አጠገብ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ የችግር ጊዜ መክፈቻ አለ። የእጅ ፍሬን ተስቦ፥ ፍሬንም ተረግጦ እርሱን ቢጫኑት ዘንጉ ይለቀቃል። ይህ ግን መኪናውን ወደ ጋራዥ ለማድረስ ነው እንጂ ለዘወትር አይደለም። መብራቶቹ ያልበሩ ከሆነ፥ ሾፌሩ መቆሙን ከኋላው ያለው አያውቅምና በመጐተት መውሰድ ይሻላል።

እንግዲህ አስተውል፤ አንዳንድ ሰው ጥገናው ቢያስቸግረው መቆለፊያውን ነቅሎ ወይም ሽቦውን በአቋራጭ አገናኝቶ ይሰጣል። መኪናው ይሄዳል፤ ባለቤቱም ተጠገነልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን መብራቱ እንደ ጠፋ፥ የሕፃኑም መጠበቂያ እንደ ተነሣ ይቀራል። አልሄድም ያለው መኪና እውነቱን ነግሮት ነበር፤ ጠጋኙ ግን ዝም አሰኘው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም መኪናዎች ፍሬን ካልተረገጠ ከመቆሚያው አይለቁምና ይህ ትምህርት ለነገም ይጠቅማል።

ጥያቄ

1. የፍሬን መብራቶች ሁሉ ካልበሩ ጕድለቱ ከየት እስከ የት ባለው መንገድ ይፈለጋል?
2. በቀለጠ ፊውዝ ስፍራ ከፍ ያለ ቁጥር ማግባት ስለ ምን ክፉ ነው?
3. ድምፅ ተሰምቶ ዘንጉ ካልወጣ ጕድለቱ የኤሌክትሪክ ነውን? ምክንያቱን አስረዳ።