ኮሌጅ የመሠረተው የንግድ ቴሌቪዥን

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ከዋና ከተማዋ ከዴሞይን በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኤምስ ከተማ፣ ደብልዩ ኦ አይ የተሰኘው የቴሌቪዥን ጣቢያ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1950 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሥርጭቱን ሲጀምር፣ ባለቤቱ ኩባንያ ወይም ባለጸጋ ቤተሰብ ሳይሆን የአዮዋ ስቴት ኮሌጅ፣ በሌላ አነጋገር የግዛቲቱ ሕዝብ ነበር። ጣቢያው እንደ ማንኛውም የንግድ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ እያስነገረ ራሱን ይችል ስለነበር፣ የሕዝብ ተቋም በገበያ ገቢ የሕዝብ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የእርሱ ታሪክ ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ምላሽ ይሰጣል።

ሥሩ ሬዲዮ ነው። በግብርና ትምህርቱ የታወቀው ይህ ኮሌጅ ከ1922 ጀምሮ በራሱ ሬዲዮ የእህልና የከብት ገበያ ዋጋ፣ የአየር ጠባይ ዘገባና የእርሻ ምክር ለገበሬው ያደርስ ስለነበር፣ ቴሌቪዥን ሲመጣ የተከተለው የለመደውን መንገድ ነው። ዕድልም ረድቶታል፤ የሞገድ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ተቀራርበው የተፈቀዱ ጣቢያዎች ሥርጭት እርስ በርስ እየተጠላለፈ በማስቸገሩ፣ ከ1948 እስከ 1952 አዲስ ፈቃድ መስጠቱን ሲያቆም ኤምስ ፈቃዷን አስቀድማ በእጇ አስገብታ ነበር። በዚህም የተነሳ ጣቢያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመካከለኛው አዮዋ ብቸኛው ሆኖ ቆየ።

ብቸኛ መሆኑ ከባድ ኃላፊነት አሸክሞታል። ኔትወርክ የሚባሉት፣ ማለትም ፕሮግራም አዘጋጅተው በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች የሚያከፋፍሉት አራቱ ድርጅቶች ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ዱሞንት፣ ሁሉም በእርሱ በኩል ያልፉ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ የቀጥታ ሥርጭት የሚያደርስ መስመር ኤምስ ስላልደረሰ፣ ኪኔስኮፕ በሚባለው ዘዴ ይጠቀሙ ነበር፤ ይኸውም በቴሌቪዥኑ መስታወት ፊት የፊልም ካሜራ ተተክሎ ሥርጭቱ ይቀረጻል፣ ፊልሙም ታጥቦ ወደየጣቢያው ይላካል፤ ተመልካቹ የሚያየው እንግዲህ በሌላ ከተማ ቀደም ብሎ የታየውን፣ ጥራቱም የቀነሰውን ምስል ነው።

ይሁን እንጂ የጣቢያው እውነተኛ ክብር ራሱ ባዘጋጃቸው ፕሮግራሞች ላይ ነው። በ1952 በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የተዘጋጀ አንድ ተከታታይ ፕሮግራም የትናንሽ ከተሞችን ነዋሪዎች ሰብስቦ በየራሳቸው ጉዳይ ላይ በካሜራ ፊት አከራከረ፤ ቴሌቪዥን ገና በልጅነቱ ሳለ ለተራው ዜጋ መድረክ መክፈቱ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ከ1951 እስከ 1994 የዘለቀው «ማጂክ ዊንዶው» የተሰኘው የልጆች ፕሮግራም ደግሞ በአሜሪካ ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ ሲሆን፣ አዘጋጇ ቤቲ ሉ ቫርነም ከአሻንጉሊቶቿ ጋር እያወጋች፣ ወረቀት እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚጣበቅ ደረጃ በደረጃ እያሳየች ልጆችን በየቤታቸው ታሠራቸው ነበር። በእርሷ ፕሮግራም ያደጉ ልጆች ወላጆች ሆነው የራሳቸውን ልጆች በዚያው መስታወት ፊት አስቀምጠዋል።

በ1954 እና በ1955 ዴሞይን ውስጥ ሌሎች የንግድ ጣቢያዎች ተከፍተው ኤንቢሲንና ሲቢኤስን ሲወስዱ፣ ደብልዩ ኦ አይ የኤቢሲ ጣቢያ ሆኖ ቀረ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ኮሌጅ ጨምሮ የግዛቲቱን የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተዳድረው ቦርድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጣቢያውን ለመሸጥ ሲወስን፣ የተቃወሙ ዜጎች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ወሰዱት፤ ሽያጩን ግን ማስቀረት አልቻሉም፤ በ1994 ጣቢያው ሲታደል ለተባለ የግል ኩባንያ ተላለፈ። ንብረት ሲሸጥ ዋጋው በገንዘብ ይተመናል፤ ለ44 ዓመታት የተገነባውን የሕዝብ አመኔታ የሚተካ ገንዘብ ግን ስለሌለ፣ ውሳኔው ስህተት ነበር ማለት ይቻላል። ደብልዩ ኦ አይ ከዚያ ወዲህም የኤቢሲን ፕሮግራሞች ማሰራጨቱን ቀጥሏል፤ ባለቤትነቱ ግን ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቷል እንጂ ወደ ዩኒቨርሲቲው አልተመለሰም።