መድኃኒቱ ድንበር ላይ እንዳይቋረጥ

ፉጣ በመሀል ሪያድ፣ ከበጥሃ አጠገብ ያለ ነባር ሰፈር ነው። በነርስነት የማገለግልበት ክሊኒክ እዚህ ስለሆነ በቤት ሠራተኝነት፣ በሹፌርነትና በሱቅ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቼ አዘውትረው ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ስለ ድካም ነው። «ሥራው በዝቶብኝ ነው እህቴ» ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነታቸውን ነው። ድካሙ ላይ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ በግራ ጎን ከጎድን ሥር የመክበድ ስሜትና ትንሽ ቀምሶ ቶሎ መጥገብ ሲጨመሩ ግን ነገሩን በሥራ ላይ ብቻ ማላከክ አይቻልም። ያ በግራ በኩል የሚከብደው ያበጠ ጣፊያ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ የደም ቆጠራ ይታዘዛል። ጤነኛ አዋቂ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነጭ የደም ሴል ይኖረዋል። ቁጥሩ ከ100,000 አልፎ የተገኘ እንደሆነ ታካሚው ሳይውል ሳያድር ወደ ደም ሐኪም ይላካል። ከእነዚህ መካከል ሲኤምኤል የሚባለው፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው የደም ካንሰር የሚገኝባቸው አሉ። በምዕራቡ ዓለም ይህ በሽታ በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው 60 ዓመት ገደማ በሆነ ሰዎች ላይ ነው። በእኛ አገር ሰዎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሠላሳዎቹ ዕድሜ፣ ሠርቶ ቤተሰብ በሚረዳበት ጊዜ ነው።

ትልቁ ሆስፒታል የበሽታውን ስም ከነገራቸው በኋላ ብዙዎች ወረቀታቸውን ይዘው በአማርኛ እንዳስረዳቸው ይመለሳሉ። አንዲት ወጣት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሥራዬን መቀጠል እችላለሁ?» ብላ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዋ «ሌላ ሰው ላይ ይጋባል?» የሚል ነበር። በሽታው በትንፋሽም ሆነ በዕቃ አይተላለፍም፤ ከወላጅም አይወረስም። በመቅኔ ውስጥ ባለ አንድ ሴል የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራሾች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ የሚፈጠረው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ፕሮቲን ሴሉ ያለ ልክ እንዲራባ ያደርገዋል። ስለዚህ የታማሚን ሳህንና ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም።

የዚህ በሽታ ታሪክ ለታካሚዎቼ ስነግራቸው ደስ ከሚሉኝ ታሪኮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በፊላደልፊያ በዚህ በሽታ ታማሚዎች ሴል ውስጥ ያልተለመደ አጭር ክሮሞዞም አገኙ። በ1973 ጃኔት ሮውሊ ከየት እንደመጣ አሳየች። ኢማቲኒብ የተባለው፣ ብዙዎች ግሊቬክ በሚለው ስሙ የሚያውቁት ክኒን በ2001 በአሜሪካ ጸደቀ። ክኒኑ ያንን ፕሮቲን ያግዳል። በዋናው ጥናት በኢማቲኒብ ሕክምና ከጀመሩት ሰዎች መካከል 83 በመቶ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ቀድሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድል የነበረ በሽታ፣ እንደ ስኳርና ደም ግፊት አብረውት የሚኖሩት ሆኗል። ሁሉም የደም ካንሰር እንዲህ አይደለም። አጣዳፊው ዓይነት ሆስፒታል ተኝቶ ጠንካራ ኬሞቴራፒ መውሰድን፣ አንዳንዴም የመቅኔ ንቅለ ተከላን ይጠይቃል።

ኢማቲኒብ በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋር፣ በብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይወሰዳል። በረመዳን የሚጾም ሰው ከኢፍጣር ጋር፣ በዐቢይ ጾም የሚጾምም ከጾም ምግቡ ጋር ሊወስደው ይችላል። ኒሎቲኒብ የሚባለው ሌላ ክኒን ግን በባዶ ሆድ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚወሰድ፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪምን ማማከር ግድ ነው። ኢማቲኒብ ሲወሰድ የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መሸማቀቅ ሊያጋጥሙ ይችላሉ፤ ለእነዚህ መፍትሔ ስላለ ዝም ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ለመውለድ ያሰበች ሴትም ክኒኑ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትመካከር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደኅና ከሆኑ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ነው። ጣፊያው ወደ መጠኑ ሲመለስ፣ ድካሙ ሲጠፋ፣ ክኒኑ ትርፍ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደን የወጣ ጥናት ከታዘዘላቸው የኢማቲኒብ መጠን ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱትን ከዚያ በታች ከወሰዱት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ በሽታው በጥልቅ የመቀነሱ ዕድል ለመጀመሪያዎቹ 94 በመቶ፣ ለሁለተኞቹ 28 በመቶ ገደማ ሆነ። አሥር በመቶ ማለት በወር ሦስት ቀን ነው።

እዚህ ያለ ወገናችን እነዚያን ቀናት የሚያጣው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ሕመሙን ከእናቱ ይደብቃል፤ ከእሱ ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ እንዳይደነግጥ ይፈራል። ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ደግሞ ክኒኑን ሰው እያየው መዋጥ ያሳፍረዋል። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ጊዜው ያልፍበታል፣ ከከፊሉ (ከአሠሪው) ይለያል፣ ድንገት ተይዞ ወደ አገሩ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ከሳዑዲ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ አብዛኛው ሰው የያዘው የለበሰውን ልብስና አንድ ሻንጣ ነበር። በእንዲህ ያለ ግርግር ውስጥ የሕክምና ወረቀት ማን ያስታውሳል?

የሚያጽናናው ነገር፣ አገር ቤት መድኃኒቱ መኖሩ ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ክፍል፣ በማክስ ፋውንዴሽን በኩል በሚመጣ እርዳታ፣ ብዙ የሲኤምኤል ታማሚዎች ይህን ሕክምና ያለ ክፍያ ሲከታተሉ ቆይተዋል። ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ሕክምናው ያበቃለት ሊመስለው አይገባም። በሽታው በምርመራ መረጋገጡን የሚያሳይ ወረቀት ካለው ግን መንገዱ በጣም ያጥርለታል።

ስለዚህ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። ቢሲአር-ኤቢኤል የሚለውን የመጀመሪያ ምርመራችሁን፣ የቅርቡን ውጤትና የመድኃኒታችሁን ስምና መጠን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ለምታምኑት አንድ ዘመድም ላኩ። ክኒናችሁን ወደ አውሮፕላን ይዛችሁ በምትገቡት ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አታድርጉ። ጸበልም ሆነ ዘምዘም ከክኒኑ ጋር ይሄዳል፤ ክኒኑን ግን አይተካም። ለቤተሰባችሁም ንገሩ፤ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ሠርቶ መኖር እንደሚችል ሲያውቁ መድኃኒቱን እንዳትረሱ የሚያስታውሷችሁ እነሱ ይሆናሉ።