የጣዖቱን ዓይን የሚነቅሉት ሌቦች

ጋኔን የመሰለ ግዙፍ ጣዖት ተቀምጧል። ሁለት ሌቦች ራሱ ላይ ወጥተው የዓይኑን ዕንቁ ይነቅላሉ። ከታች እንሽላሊት መሰል ፍጡራን ተገድለው ተዘርረዋል። አንዱ ተዋጊ ሰይፉን ይወለውላል፤ ሌሎቹ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ የሚመካከሩ ይመስላሉ። ውጊያው አልቆ ወደ ሥራ ተገብቷል። ፎክሮ የቆመ ጀግና የለም፤ ለተመልካቹ ብሎ የተዘጋጀም የለም።

ሥዕሉ «ፕሌየርስ ሃንድቡክ» የተባለው የዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ መመሪያ ሽፋን ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1978 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሠዓሊው ዴቪድ ትራምፒየር ይባላል። ዛሬ ሆን ብለው የድሮ መልክ ይዘው የሚወጡ የምናባዊ ጀብዱ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ከሽፋኖቻቸው መካከል ጥሩ ጥሩዎቹ ትምህርታቸውን የቀሰሙት ከዚህ ሥዕልና ከዘመን ጓደኞቹ ነው። ነገሩን ለመረዳት ግን ጨዋታውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጨዋታው በአብዛኛው የሚካሄደው በአፍ ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ካህን ወይም ሌባ። መሪው «ደረጃውን ወርዳችሁ አንድ የብረት በር ፊት ደርሳችኋል፤ ከበሩ ኋላ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የሚደረገውን ተጫዋቾቹ ይወስናሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ደግሞ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይለያል። አያት ማታ ተረት ስትነግር ልጆቹ መሐል ገብተው «ጅቡ ሳይደርስ እኔ ዛፉ ላይ እወጣለሁ» ቢሏት፣ እርሷም እሺ ብላ ከዚያው ብትቀጥል ከዚህ ጨዋታ ብዙም አይለይም።

መሪው ታሪኩን ሁሉ ከራሱ ለማፍለቅ ጊዜ ሲያጣ የተዘጋጀ ጀብዱ ይገዛል። ይህ ሞጁል ይባላል። በድሮው ጊዜ ሞጁል ማለት ቀጭን፣ ጥቂት ገጾች ያሉት መጽሐፍ ነበር። ውስጡ የዋሻውና የግንቡ ካርታ፣ በየክፍሉ የሚያደቡት አውሬዎች፣ የተደበቀው ሀብትና የተጠመደው ወጥመድ ተዘርዝሯል። ተጫዋቾች ይህን ማንበብ አይፈቀድላቸውም፤ ካነበቡት ጨዋታው ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ሁሉ እንዲያዩት የሚፈቀድላቸው ሽፋኑን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሞጁሎች አሠራር ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። በ1978 መውጣት ሲጀምሩ ሽፋናቸው ከመጽሐፉ ጋር አልተሰፋም ነበር፤ ለብቻው የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ነበር። በውስጠኛው ገጹ ካርታው በውኃ ሰማያዊ ቀለም ታትሟል። መሪው ሽፋኑን አውጥቶ ፊቱ ያቆመዋል፤ ካርታው ወደ እርሱ፣ ሥዕሉ ወደ ተጫዋቾቹ ይዞራል። እንግዲህ አምስት ወይም ስድስት ሰው አንድን ሥዕል ሙሉ ምሽት ሲመለከት ያመሻል። ሌላ መጽሐፍ ሽፋኑ ገዥ እስኪያገኝ ድረስ ቢያገለግል ይበቃዋል፤ ይህኛው ግን ከተሸጠ በኋላም ሥራ ይጠብቀዋል። የቦታውን ጠረን መስጠት፣ አደጋውን ማስገመት፣ ምስጢሩን ግን መደበቅ አለበት። «ቱም ኦቭ ሆረርስ» የተባለው ሞጁልማ ከዚህም አልፎ፣ ተጫዋቾቹ አንድ ክፍል በደረሱ ቁጥር መሪው ከፍቶ የሚያሳያቸው የሥዕል ደብተር ለብቻው ይዞ ነበር የወጣው።

ይህ ሁሉ የተጀመረው በድህነት ነው። ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። በ1974 መጀመሪያ ላይ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ሲታተም፣ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ እንጨት የሚመስል ወረቀት በተለበጠ ሳጥን ውስጥ ሦስት ትንንሽ ደብተሮች። በኋላ እግሮቹ በቆመ ፈረስ ላይ የተቀመጠው የሽፋኑ ተዋጊ ከአንድ የ1968 የማርቭል ኮሚክ የተቀዳ ነበር። ቲ.ኤስ.አር. የተባለው አሳታሚ ድርጅት ሠዓሊ የሚቀጥርበት ገንዘብ ስላልነበረው ያገኛቸውን ወጣቶች አሠርቷል። ከእነርሱ መካከል ዴቪድ ሳዘርላንድ ይገኛል። የ1977ቱን ሳጥን ሽፋን የሠራው እርሱ ነው፤ ዘንዶ በወርቅ ክምር ላይ ተኝቶ ሳለ አንድ ቀስተኛና አንድ አስማተኛ ይገጥሙታል። የሰዎቹ አካል አቋም ትንሽ ደረቅ ነው፤ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቢቀርብ እርማት የሚበዛበት ሥራ ነው። ግን ወርቁ አለ፣ ዘንዶው አለ፣ መውጫው ጠባብ ነው። ሥዕሉ ጥያቄ ያቀርባል፤ መልሱ ከተመልካቹ ይጠበቃል።

ቀለምም ውድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የሞጁል ሽፋኖች በአንድ ቀለም የታተሙት፣ አንዱ ቢጫ ሌላው ወይን ጠጅ ሌላው አረንጓዴ የሆኑት፣ ባለ ሙሉ ቀለም ኅትመት ዋጋው ስለሚከብድ ነው። በላይኛው ግራ ጥግ በሰያፍ የተዘረጋችው ጥብጣብ እንደ «ጂ1» እና «ቢ2» ያለውን የሞጁል መለያ ይዛ ትወጣለች። ከአርባ ዓመት በኋላ ሰዎች በናፍቆት የሚቀዷት ይህችው ጥብጣብ ናት።

በ1980 እና በ1981 ላይ ቀለሙ ሲፈቀድ ሠዓሊዎቹም ተቀየሩ። ጄፍ ዲ በቲ.ኤስ.አር. ሲቀጠር ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ እጁ የተፍታታው በሱፐርሂሮ ኮሚክ ስለሆነ ሰዎቹ ጡንቻቸው የጠነከረ፣ መስመራቸው የጠራ ነው። ኤሮል ኦተስ ግን ሌላ ዓለም ነው። የበርክሊ፣ ካሊፎርኒያ ልጅ ነው። ዘንዶዎቹ ከመጽሐፍ የተቀዱ አይመስሉም፤ ቀለማቸው የታመመ ሰው ሕልም ነው፤ ልብሱ፣ የራስ ቁሩ፣ የዋሻው ግድግዳ ሳይቀር የየትኛውም አገር አይደለም። በ1981 የጀማሪዎቹን ሳጥን ሽፋን ሲሠራ ከውኃ የወጣ ዘንዶ አንድ ተዋጊንና አንዲት አስማተኛን ሲገጥም አሳየ። ተከታዩ ሳጥን ላይ ደግሞ ያንኑ ትዕይንት አንድ ሽማግሌ አስማተኛ ከሩቅ ሆኖ በአስማት ሲመለከተው ሣለ። የመጀመሪያውን ሳጥን የተጫወተ ልጅ ሁለተኛውን ሲያነሳ፣ ለካስ ያን ጊዜ ሁሉ የሚያየው ሰው ነበር! በሽፋን ሥዕል ታሪክ ከዚህ የበለጠ ብልሃት አላውቅም።

ከዚያ ላሪ ኤልሞር መጣ። ቀድሞ በፎርት ኖክስ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሥዕል ይሠራ የነበረ፣ የቀለም ሙያውን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነው። በ1983 የወጣው ቀይ ሳጥን ላይ የሣለው ተዋጊና ቀይ ዘንዶ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ጨዋታውን ያወቀበት ሥዕል ሆነ። ከእርሱ ጋር ጄፍ ኢዝሊ፣ ክላይድ ኮልድዌልና ኪት ፓርኪንሰን ነበሩ። ቅባቱ፣ ብርሃኑ፣ ቆዳና ብረቱ፣ ሁሉም እንከን አይወጣለትም። ሆኖም የሆነ ነገር ጎደለ። ቀድሞ ቡድን የነበረው አንድ ጀግና ሆነ፤ ቀድሞ የሚመካከሩና የሚሰርቁ ሰዎች የነበሩበት ቦታ የድል ሐውልት ቆመበት። ተጫዋቹም ያን ሥዕል ሲያይ የሚያደንቀው ሰው እንጂ የሚገባበት በር አላገኘም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ቲ.ኤስ.አር. ዕዳ ውስጥ ገብቶ በ1997 ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በተባለ ሌላ የጨዋታ አሳታሚ ተገዛ። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ሽፋኑ ላይ ጭራሽ ሰው አልነበረም፤ ጥንታዊ የአስማት መጽሐፍ እንዲመስል ተደርጎ ብረትና ዕንቁ የተለበጠበት ዓይነት ነበር። መልከ መልካም ነው፤ ታሪክ ግን አይነግርም። ያው እትም ግን አንድ ትልቅ በር ከፈተ። በግልጽ ፈቃድ ማንም አሳታሚ ለጨዋታው ጀብዱ ጽፎ እንዲሸጥ ተፈቀደ።

በዚህ በር ከገቡት አንዱ ጎድማን ጌምስ ነው። በ2003 «ዱንጀን ክሮል ክላሲክስ» የተባለ ተከታታይ ጀመረ፤ ሽፋኑን ሆን ብሎ እንደ 1980ዎቹ መጀመሪያ ሞጁል አደረገው፤ ጥብጣቧም፣ ቁጥሩም፣ የፊደሉ አጣጣልም ሳይቀር። በመጽሐፍ መደብር ውስጥ ከሚያብረቀርቁት አዳዲስ ጥራዞች መካከል ያ ቀጭን መጽሐፍ ዓይን ሳበ፤ በልጅነታቸው ተጫውተው፣ ሥራና ትዳር ይዘው የተውት ጎልማሶች አነሱት። ብልጠቱ ግን ሌላ ላይ ነው። አሳታሚው የድሮውን መልክ በሚመስል እጅ ብቻ አልረካም፤ የድሮዎቹን እጆች ራሳቸውን ፈልጎ አሠራ። ዲ፣ ኦተስ እንዲሁም የ«ቢ2» ሠዓሊ የነበረው ጂም ሮዝሎፍ ለዚህ አሳታሚ ሣሉ። ሮዝሎፍ በ2011 አረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ተከታታዩ የራሱ ሕግ ያለው ጨዋታ ሆነ፤ የዚህን ሽፋን የሣለው ዳግ ኮቫክስ የአዲሱ ትውልድ ሰው ነው። ጨዋታው አጀማመሩ ያስቃል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ወይም አራት ተራ ገበሬና ባለሙያ ይይዛል፤ ወደ ዋሻው ይላካሉ፤ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የተረፈው ጀግና ይሆናል። ጀግናው በሽፋኑ ላይ ለምን ቀድሞ እንደማይቆም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሌሎችም ተከተሉ። በ2006 ኦዝሪክ፣ በ2007 ላቢሪንዝ ሎርድ፣ በ2008 ሶርድስ ኤንድ ዊዛርድሪ የድሮውን የጨዋታ ሕግ እንደገና ጽፈው አወጡ፤ በ2019 የወጣው ኦልድ ስኩል ኢሴንሻልስ ደግሞ ውስጡን በዘመናዊና በጠራ የገጽ አቀማመጥ አሳምሮ ከውጭ የናፍቆቱን ልብስ አለበሰው። ይህ የመጨረሻው እኔን ያስደስተኛል። የ1970ዎቹ መጻሕፍት ሥዕላቸው እንጂ የገጽ አቀማመጣቸው የሚናፈቅ አልነበረም፤ አንድ ሕግ ለመፈለግ ግማሽ መጽሐፍ ማገላበጥ ይጠይቁ ነበር።

ናፍቆት መምረጥ አለበት የምለውም ለዚህ ነው። ከዚያ ዘመን ብርድ የማይፈራ የሚመስል፣ ጨርቅ የማይበቃው የሴት ተዋጊ ሥዕልም ወርሰናል፤ እርሱን መልሶ ማተም ክብር አይደለም። የሰነፍ ቅጂም ሞልቷል። ጥብጣቧን አስቀምጦ፣ ወረቀቱን በኮምፒውተር አሮጌ አስመስሎ፣ ጠርዙን ያረጀ አድርጎ፣ መሐሉ ላይ ግን ያው ሰይፉን ያነሳ ብቸኛ ጎልማሳ ይቆማል። እንዲህ ያለው ሽፋን የድሮውን ድህነት ቀድቶ ብልሃቱን ትቶታል።

ከሠዓሊዎቹ ውስጥ ስሙ በአፈ ታሪክ የሚነሳው ራሱ ትራምፒየር ነው። «ድራገን» በተባለው መጽሔት ላይ «ዎርሚ» የሚል ባለ ቀለም የኮሚክ ተከታታይ ነበረው፤ በ1988 ታሪኩን ሳይጨርስ በድንገት አቆመ፤ ከጨዋታው ዓለምም ጠፋ። ብዙዎች ሞቷል ብለው ደመደሙ። በ2002 አንድ የተማሪዎች ጋዜጣ ኢሊኖይ ውስጥ በካርቦንዴል ከተማ ስለሚሠራ የታክሲ ሾፌር ሲጽፍ ሾፌሩ እርሱ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሥዕሉ እንዲመለስ የቀረበለትን ግብዣ ለዓመታት አልተቀበለም። በመጨረሻ በከተማው በሚካሄድ አንድ የጨዋታ ጉባኤ ላይ ሊገኝ ተስማምቶ ሳለ፣ ጉባኤው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በመጋቢት 2014 ሞተ። የጄፍ ዲ ዕጣ በሌላ በኩል ያሳዝናል፤ ለቲ.ኤስ.አር. የሠራቸው ኦሪጅናል ሥዕሎች እጁ ላይ አልቀሩም። በ2010 በኪክስታርተር ድረ ገጽ በኩል ከአድናቂዎቹ ገንዘብ አሰባስቦ፣ የወጣትነት ሥራዎቹን በጎልማሳ እጁ እንደገና ሣላቸው።

ሥዕሎቹን በአንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ በ2018 የታተመው «አርት ኤንድ አርካና» የተሰኘ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አለ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው «አይ ኦቭ ዘ ቢሆልደር» የተባለ ዘጋቢ ፊልምም ሠዓሊዎቹን ራሳቸውን ያናግራል። ጊዜ የሌለው ሰው የ1981ዱን የኦተስ ሳጥንና የ1983ቱን የኤልሞር ሳጥን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያይ ይበቃዋል። ገበያው የኤልሞርን መርጧል፤ እኔ የኦተስን እመርጣለሁ።