«ፈታ እንበል» በወረርሽኝ ጊዜ፦ ከአርባ ምንጭ ዶርሞች የሰማናቸው ተረቶችና እውነታው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወሩ ሳያልቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ሻንጣውን ጠቅልሎ ወደየቤቱ ተሸኘ። መቼ እንደሚመለስ የሚነግረው አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. በየተራ ወደ ግቢ ሲጠራ በሽታው እንዳለ ነበር፤ ጭንቀቱም እንዳለ። ያኔ ከዶርም ዶርም የዞሩት የ«ፈታ በሉ» ምክሮች ደግሞ ዛሬም ጉንፋን በረታ በተባለ ቁጥር ብቅ ይላሉ።

ተረት፦ «አርባ ምንጭ ሙቀት ነው፤ ቫይረሱ እዚህ አይበረታም።»

ይኼ ባጭሩ የሚዘጋ ነው። ኮሮና በሞቃትና እርጥበት ባለበት አገርም እንደሚተላለፍ የዓለም ጤና ድርጅት ገና ከጅምሩ ተናግሯል። የሙቀቱ ጥቅም ሌላ ነው፤ ሰውን ከክፍል አውጥቶ ዛፍ ሥር ያስቀምጠዋል፣ ክፍት አየር ላይ ደግሞ መተላለፉ ይቀንሳል።

ተረት፦ «በርጫ ጭንቀት ያበርዳል።»

ጫት የሚቃምባትን ክፍል አስቧት። መጋረጃው ወርዷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ሰባት ስምንት ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቷል፤ አንዱ የውሃ ጠርሙስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሺሻ ካለ መሳቢያዋም እንደዚያው። ወሬው ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ከአፍ የሚወጣው ትንፋሽና ፍንጣቂ ይበዛል። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም።

ጭንቀቱስ? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ምርቃናው ላይ ተማሪው ያልጀመረውን የመመረቂያ ጽሑፍ በሐሳቡ ይጨርሳል፣ ሁለት ድርጅትም ይከፍታል። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ጠዋት ድብርቱ ይመጣል። ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ከተባለ መጠጡም ይጨመርበታል። እኔ ይህንን መፈታት አልለውም፤ ጭንቀቱን ከነወለዱ ለነገ ማሳደር ነው። «አረቄ ጉሮሮ ያጸዳል» የሚለውም ከዚሁ ጎራ ነው፦ አልኮል እጅ ላይ የሚሠራውን ሆድ ውስጥ አይሠራም።

ተረት፦ «ሐይቁ ምን ሊያደርግ ተቀመጠ? ዋኝቶ መውጣት ነው።»

ከከተማዋ ሁለት ሐይቆች አንዱ የሆነው ጫሞ የአዞ አገር ነው፤ ጎብኚ በጀልባ ሄዶ የሚያየው «የአዞ ገበያ» ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ጉማሬም አለ። በዚያ ላይ የአካባቢው ውሃ ዳርቻ ቢልሃርዚያ የሚያሲዘው ቀንድ አውጣ አያጣውም። ስለዚህ ከሐይቆቹ ጋር በሩቁ እንዋደድ። በላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ላየ ሰው በግራ ቡናማ ቀይ የሆነው አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ መሐላቸው «የእግዚአብሔር ድልድይ» የሚባለው መሬት ይታያል። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ እስከዚያ በእግር መውጣት ልብን በደንብ ያስመታል። ለአዋቂ የሚመከረው ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ጂም አይጠይቅም። ሁለት ሦስት ሆኖ፣ ያኔ ይባል እንደነበረው «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» ተራርቆ ይቻላል። ከመምሸቱ በፊት መመለስ ይሻላል፤ ወባዋም አለች። ትኩሳት ከያዘ ደግሞ ወባም ኮሮናም በትኩሳት ሊጀምሩ ስለሚችሉ በግምት መድኃኒት መዋጥ ሳይሆን መመርመር ነው።

ተረት፦ «ዳታ ከሌለ መዝናናት የለም።»

ሌሊቱን ሙሉ ቴሌግራም ላይ የሟች ቁጥር ሲቆጥር ያደረ ተማሪ ዳታው አልጠቀመውም። ዜና በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ከታመነ ምንጭ፣ ይበቃል። ከመተኛት በፊት በአፍንጫ ቀስ ብሎ አየር ስቦ፣ ከሳቡት በረዘመ ጊዜ ማስወጣት፤ አምስት ደቂቃ ይህን ማድረግ የልብ ምትን ያረጋጋል። ቡናውንም ከጓዳ አውጥቶ ደጅ ማፍላት ይቻላል፤ ስኒ አለመዋዋስ ብቻ ነው።

ጨንቻ ወይም ዶርዜ ቤተሰብ ያለው ደግሞ ከማንም የተሻለ ነገር አለው፦ የአባቱ የሸማ ጉድጓድ። እግር ይረግጣል፣ እጅ መወርወሪያውን ይልካል፣ ዓይን ድሩን ይጠብቃል። ሦስቱም ሥራ ሲይዙ ለማብሰልሰል የሚተርፍ ቦታ የለም። ጥበቡ ቢበላሽ እንኳ ከኋላ የሚያርም አባት አለ።

ተረት፦ «የአእምሮ ሐኪም ጋ የሚሄድ ያበደ ነው።»

የአእምሮ ሆስፒታሉን ስም ጠርቶ «አማኑኤል ይግባ» ማለት ስድብ ሆኖ ስለኖረ ብዙ ተማሪ ሕመሙን ደብቆ ይኖራል። ፈተና ሲቀርብ መጨነቅ ያለ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ የሚወደውን ሁሉ የተወ ልጅ ግን በእግር ጉዞ ብቻ አይድንም፤ ሕክምና አለው። ስለመሞት ማውራት ከጀመረ ሁለት ሳምንቱም አይጠበቅም። ብቻውን አትተዉት፤ ማስካችሁን አድርጋችሁ እስከ ሐኪሙ በር አብራችሁት ሂዱ።