ፊት፣ ስምና አድራሻ አንድ ላይ አይገኙ፦ በነፃ የጌይ ቪዲዮ ቻትና የትውውቅ ድረ ገጾች ራስን መጠበቅ

ማንነቱን ለቤተሰቡም ለባልንጀራውም መናገር ለማይችል ጌይ ሰው፣ ነፃ የቪዲዮ ቻትና የትውውቅ መተግበሪያዎች እንደ እሱ ካለ ሰው ጋር የሚያወራባቸው ብቸኛ ቦታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። «አትግባ» የሚል ምክር ስለዚህ ብዙ አይረዳውም። የሚረዳው አደጋው ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ነው። ጉዳት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊት፣ ስምና ያሉበት ቦታ በአንድ ሰው እጅ ላይ ሲገጣጠሙ ነው። የጥንቃቄው ሁሉ ቁም ነገር ሦስቱን አለያይቶ መያዝ ነው።

ያሉበት ቦታ

እንደ ግራይንደር ያሉ መተግበሪያዎች ሰዎችን የሚደረድሩት በቅርበት ነው። «400 ሜትር» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይመስልም። ነገር ግን አንድ ሰው ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሆኖ ርቀትዎን ካየ፣ በካርታ ላይ ሦስት ክብ ያሰምራል፤ ክቦቹ የሚገናኙበት ነጥብ እርስዎ ያሉበት ነው። ከቦታ ቦታ መሄድም አያስፈልገውም፤ የስልኩን ሎኬሽን በሐሰት መቀያየር ይችላል። ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2014 በግራይንደር ላይ ካሳዩ በኋላ ኩባንያው ግብፅንና ሳዑዲ ዓረቢያን በመሳሰሉ አገሮች ርቀት ማሳየቱን አቁሟል።

ስለዚህ በመተግበሪያው ውስጥ ርቀትዎን ይደብቁ። በስልክዎ ሴቲንግም ትክክለኛውን ሎኬሽን ዘግተው ግምታዊውን ብቻ ይፍቀዱ። በካሜራ ያነሱት ፎቶ የተነሳበትን ቦታ መዝግቦ ሊይዝ ስለሚችል፣ የካሜራውንም የሎኬሽን ፈቃድ ያጥፉ። ከጀርባዎ የሚታየው መስኮት፣ የሥራ ባጅና የደንብ ልብስም አድራሻ ይናገራሉ።

አንዳንድ የቪዲዮ ቻት ድረ ገጾች ሁለቱን ሰዎች በቀጥታ ስለሚያገናኙ፣ የእርስዎ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ) ለሌላኛው ሰው ሊታይ ይችላል። ቪፒኤን ይህን ይሸፍናል። ሆኖም በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያሉ አንባቢዎች፣ በዚያ አገር ቪፒኤንን በሕግ ለተከለከለ ነገር መጠቀም ራሱን የቻለ ከባድ ቅጣት እንዳለው ይወቁ።

ፊት

በካሜራ የታየ ነገር ሁሉ ሊቀዳ ይችላል። «ከታየ በኋላ ይጠፋል» የተባለ ፎቶም በሌላ ስልክ ካሜራ ይነሳል። ድረ ገጹ ራሱም ላያስተማምን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ጌይ ወንዶች የሚገናኙባቸውን ጨምሮ የአምስት የትውውቅ መተግበሪያዎች 1.5 ሚሊዮን ገደማ ፎቶዎች ያለ ይለፍ ቃል ተቀምጠው ተገኝተዋል፤ በግል መልእክት የተላኩም ነበሩባቸው። ስለዚህ ፊትዎንና እርቃን ሰውነትዎን በአንድ ምስል አያሳዩ።

ስም

በፌስቡክ የለጠፉትን ፎቶ እዚህ አይጠቀሙ፤ በምስል ፍለጋ ስምዎ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ብቻ የሚሆን ኢሜይል ይክፈቱ። መተግበሪያው የስልክ ቁጥሮች ዝርዝርዎን ልይ ካለ ይከልክሉት። ወደ ቴሌግራም ከመሻገርዎ በፊት ቁጥርዎን ማንም እንዳያይ አድርገው ያስተካክሉ።

ስለ ጤናዎም ፕሮፋይልዎ ላይ አይጻፉ። ግራይንደር የተጠቃሚዎቹን የኤችአይቪ ሁኔታ ለሁለት ሌሎች ኩባንያዎች ያሳልፍ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2018 ታውቋል። በ2021 ደግሞ የኖርዌይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን የሰዎችን መረጃ ያለ በቂ ፈቃድ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሰጥቷል ብሎ 65 ሚሊዮን ክሮነር ቀጥቶታል።

የሚያስፈራራ ሰው ሲመጣ

አካሄዱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መልከ መልካም ወጣት ይጽፋል፤ ብዙም ሳይቆይ «ወደ ቪዲዮ እንግባ» ይላል። የሚያዩት ቀደም ብሎ የተቀዳ የሌላ ሰው ምስል ነው፤ እርስዎ ልብስዎን ሲያወልቁ ግን እየቀዳ ነው። ጥሪው እንደተዘጋ የቪዲዮው ቅንጫቢ ከእህትዎና ከአለቃዎ ስም ጋር ይደርስዎታል፦ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልከፈልክ ለሁሉም እልካለሁ።»

አይክፈሉ። የከፈለ ሰው ድጋሚ ይጠየቃል። መልስ መስጠት ያቁሙ፤ ግን ምንም አያጥፉ። የአካውንቱን ስም፣ የዛቻውን መልእክትና የገንዘብ መላኪያውን በስክሪንሾት ካስቀሩ በኋላ ሪፖርትና ብሎክ ያድርጉት። የፌስቡክና የኢንስታግራም ጓደኞች ዝርዝርዎን ይዝጉ። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የተባለው ነፃ አገልግሎት ከምስሉ ላይ መለያ ቁጥር ይሠራል፤ ፎቶው ከስልክዎ አይወጣም። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ ቁጥር ምስሉን ለይተው ማገድ ይችላሉ። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ተመሳሳዩ አገልግሎት ቴክ ኢት ዳውን ይባላል።

ይህ በብዙ ሺህ ሐሰተኛ አካውንቶች የሚሠራ የገንዘብ ንግድ ነው፤ የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 በናይጄሪያ ብቻ 63 ሺህ ያህል የኢንስታግራም አካውንቶችን በዚሁ ምክንያት ዘግቷል። ስለዚህ በእርስዎ ላይ የተለየ ነገር አልደረሰም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ብቻውን ሲሸከመው ነው፤ ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ዛሬውኑ ይንገሩ።

የሚያስቀጣ ሕግ ባለበት አገርና በአካል ሲገናኙ

በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በእስር ያስቀጣል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም የሚያስቀጡ ሕጎች አሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ ግብፅን ጨምሮ በአምስት አገሮች የጸጥታ አካላት ሰዎችን በመተግበሪያ እያጠመዱና በስልካቸው የተገኘ ፎቶና ጭውውት ማስረጃ እያደረጉ እንደሚይዙ ገልጿል። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው መልእክቱ በራሱ እንዲጠፋ ያድርግ፣ ስልኩን በጣት አሻራ ሳይሆን በረጅም ቁጥር ይቆልፍ፤ ከተዛተበትም ፖሊስ ጋር ከመሄዱ በፊት የሚያምነውን ጠበቃ ያማክር።

በአካል ከመገናኘትዎ በፊት በቪዲዮ ይነጋገሩ፤ እጁን በፊቱ ላይ እንዲያሳልፍ ይጠይቁት፣ የተቀዳ ምስል ይህን አያደርግም። ሰው በሚበዛበት ካፌ ይገናኙ፤ የት እንደሚሄዱ ለአንድ ወዳጅ ይንገሩ፤ በራስዎ ትራንስፖርት ይሂዱ። በመጨረሻ ሰዓት «ቤት እንገናኝ» ካለ ይቅርብዎ።

እውነተኛ ወዳጅ ፊትዎን ለማየት አይቸኩልም፤ ስምዎንም እስኪነግሩት ይጠብቃል። የማይጠብቅዎትን ሰው ያለ ምንም ይሉኝታ ይዝጉት።