ጉበትን የሚታደገው ክትትል ነው

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሜ ውስጥ አለ። ያወቅሁት ደም በለገስሁ ጊዜ ነው፤ የተለገሰ ደም ለበሽተኛ ከመሰጠቱ በፊት ለዚህም ቫይረስ ይመረመራልና። የሚያመኝ ነገር አልነበረም፤ ዓይኔም ቢጫ አልሆነም።

በኢሉባቦር ሁሩሙ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ወሬው በሰፈር እንደተሰማ ምክሩ ጎረፈ። አንዱ የብሳና ቅጠል ጭማቂ፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት በጫካ ማር ይዞ መጣ። አንዲት እናት «መምህር፣ ይኼን ጠጣበት፤ ሰውነትህ በሽታውን ያሸንፋል» አሉኝ። ሁሉም የመጡት በፍቅር ነው፤ ሁሉም የነገሩኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ የመከላከል አቅምህን አጠንክር።

የዚህ በሽታ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ቫይረሱ በአብዛኛው የጉበትን ሕዋስ በቀጥታ አይገድልም። የሚገድለው የራሳችን የመከላከያ ሥርዓት ነው፤ ቫይረሱ የተሸሸገበትን ሕዋስ እያሳደደ ያጠፋል። ሌባ ለመያዝ ብሎ የገዛ ቤቱን እንደሚያፈርስ ሰው ማለት ነው። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ጉበት ጠባሳ ይይዛል፤ ሲብስም ጉበት የሚጠጥርበት ሲሮሲስና ካንሰር ይከተላሉ። ስለዚህ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚጥሩት መከላከያውን ለማነሳሳት ሳይሆን ቫይረሱን ለማዳከምና ጉበትን ከጉዳት ለማትረፍ ነው።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በቫይረሱ ቢያዝ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ሰውነቱ ያስወግደዋል። በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት ከተያዙ 10 ሕፃናት ግን 9ኙ ቫይረሱን ይዘው ያድጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ከሄፓታይተስ ቢ ጋር የሚኖሩ ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ።

እኔ በየ6 ወሩ መቱ ካርል ሆስፒታል እሄዳለሁ። ደም ይቀዳልኛል፤ የጉበት ኢንዛይምና ፕላትሌት ይታያል። አልትራሳውንድ ክፍል ስገባ ባለሙያው ቀዝቃዛውን ጄል ቀኝ ጎኔ ላይ ቀብቶ «ትንፋሽህን ሳብ፣ ያዝ» እያለ መሣሪያውን ከጎድን አጥንቴ ሥር ይጫናል። ጉበት ትንፋሽ ሲሳብ ወደ ታች ስለሚወርድ ያን ጊዜ ጥርት ብሎ ይታያል። የሚፈልገው ጠባሳና እብጠት ነው፤ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሕመም ሳያሰሙ ሊያድጉ ይችላሉ።

መድኃኒት ለሁሉም ታማሚ አይታዘዝም፤ ሐኪሙ የሚወስነው ውጤቶቹን አይቶ ነው። ቴኖፎቪር በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ እንክብል ሲሆን ቫይረሱ እንዳይራባ ያደርጋል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የሕክምና ፕሮግራም የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ቫይረሱ ተመልሶ ጉበትን ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል።

ቤት ውስጥ የሚደረገውም ቀላል አይደለም። ጠጅም አረቄም ትቻለሁ። ጫትም እንዲሁ፤ በሐረር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ኢሉባቦር ዝናብ የሚበዛበት አገር ነውና የሻገተ በቆሎ በእኛ ቤት አይፈጭም። ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ የጉበት ካንሰርን ዕድል እጅግ ከፍ ያደርጋል። ቡናችን ግን አልተከለከለም፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በሲሮሲስና በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አመልክተዋል። በጨው የመጠጣት ልማዳችን ግን ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ታማሚ አይሆንም።

ቅጠል ሁሉ መድኃኒት አይደለም። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ሰው የፈጀው የጉበት በሽታ ሲመረመር የተገኘው ከእህል ጋር የሚቀላቀል የአረም መርዝ ነበር። አንድ ቅጠል ተጨምቆ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

ቫይረሱ በአንድ ገበታ በመብላት፣ በጉርሻ ወይም በሲኒ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ ምላጭ መዋስና እንጥል ማስቆረጥም አደገኛ ነው። ባለቤቴ ተመርምራ ነፃ ስለሆነች 3 ጊዜ ተከትባለች። ልጆቻችንም ተከትበዋል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው የሕፃናት ክትባት የሄፓታይተስ ቢን መከላከያ የያዘው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ነው። ነፍሰ ጡር እናት ቫይረሱ ካለባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት።

የመቱ፣ የጎሬ፣ የያዮ ሰው ሆይ፦ ተመርመር። ቫይረሱ ከተገኘብህ ቤተሰብህን አስመርምር፣ ነፃ የሆነውን አስከትብ፤ የቀጠሮህንም ቀን አታሳልፍ።