የጆሮ ማዳመጫ ዋጋና ጥራት በፊዚክስ ሚዛን

በተማሪ ቦርሳ ውስጥ ከደብተርና ከእስክሪብቶ ቀጥሎ የማይጠፋ ዕቃ ቢኖር የጆሮ ማዳመጫ ነው። አብዛኛው ሰው በቅርብና በርካሽ ያገኘውን ይጠቀማል። ለሙዚቃ ጥራት የሚጨነቁ አድማጮች ግን በዓለም ገበያ በአብዛኛው ከ100 እስከ 400 የአሜሪካ ዶላር የሚሸጡ፣ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን ማዳመጫዎች ይመርጣሉ። ይህ ገንዘብ ለተማሪም ሆነ ለመምህር ቀላል አይደለም። ስለዚህ «ዋጋው ከፍ ሲል ድምፁም አብሮ ይሻላልን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ አራት የታወቁ ማዳመጫዎችን እያነጻጸርን መልሱን እንፈልጋለን። እነርሱም በጀርመን ከተመሠረቱ ኩባንያዎች የዘንሃይዘር ኤችዲ 600፣ የባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ እና ዲቲ 990 ፕሮ፣ እንዲሁም በኦስትሪያ ከተመሠረተው ኤኬጂ ኬ 701 ናቸው።

ክፍትና ዝግ

አራቱም የሚሠሩት በአንድ መርሕ ነው። በማግኔት መስክ ውስጥ የተቀመጠ የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይንቀሳቀሳል፤ ከእርሱ ጋር የተጣበቀው ስስ ሽፋንም አየሩን እየገፋና እየሳበ ድምፅ ይፈጥራል። ይሁንና ሽፋኑ ወደ ጆሮ ብቻ ሳይሆን በጀርባውም በኩል ድምፅ ይለቃል። የማዳመጫዎች ልዩነት የሚጀምረው ይህ የጀርባ ድምፅ ወዴት ይሂድ ከሚለው ጥያቄ ነው።

በክፍት ማዳመጫ የውጭው ክዳን እንደ ወንፊት የተበሳ ስለሆነ የጀርባው ድምፅ ወደ ውጭ ይወጣል። ዘንሃይዘር ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ኤችዲ 414 ለገበያ አስተዋወቀ። ኤችዲ 600፣ ዲቲ 990 እና ኬ 701 የዚሁ ወገን ናቸው። በውስጣቸው ተንጸባርቆ የሚመለስ ድምፅ አነስተኛ በመሆኑ ሙዚቃው ከሰፊ አዳራሽ የሚመጣ ይመስላል። በአንጻሩ የሚያዳምጡት ሁሉ ለጎረቤት ይሰማል፤ የጎረቤትም ጫጫታ ወደ ጆሮ ይገባል። ለቤተ መጻሕፍትም ሆነ ለታክሲ አይሆኑም። ዲቲ 770 ግን ዝግ ነው፤ ውጫዊውን ጫጫታ በከፊል ይከለክላል።

ኦምና ዲሲቤል

በማዳመጫ መግለጫ ላይ በ«ኦም» የሚጻፈው ቁጥር ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ማለትም ኢምፔዳንስ ነው። የ770 አንዱ ዓይነት 80፣ የ990 አንዱ ዓይነት 250፣ ኤችዲ 600 ደግሞ 300 ኦም ናቸው። ለእያንዳንዳቸው 1 ቮልት ብንሰጥ የሚያገኙት የኤሌክትሪክ ኃይል የቮልቴጁ ካሬ ለተቃውሞው ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ይህም ለ770 12.5 ሚሊዋት፣ ለ990 4 ሚሊዋት፣ ለኤችዲ 600 ወደ 3.3 ሚሊዋት ይሆናል።

ሁለቱ የባየርዳይናሚክ ማዳመጫዎች በ1 ሚሊዋት 96 ዲሲቤል ድምፅ እንደሚሰጡ በመግለጫቸው ተጽፏል። እንግዲህ በ1 ቮልት የመጀመሪያው ወደ 107፣ ሁለተኛው ወደ 102 ዲሲቤል ይደርሳል ማለት ነው። በአንድ ስልክ ላይ ድምፁን ሳይነካኩ ሁለቱን እያፈራረቁ የሚያዳምጥ ሰው እንግዲህ የሚያነጻጽረው ጥራትን ሳይሆን የ5 ዲሲቤል ልዩነትን ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ በትንሹ የጎላውን ድምፅ «የተሻለ» አድርጎ የመቁጠር ጠባይ አለው። ስለዚህ ከማንኛውም ፍርድ በፊት የሁለቱን ድምፅ መጠን ማስተካከል ያስፈልጋል። ከፍተኛ ኦም ያላቸውን ማዳመጫዎች አቅሙ ደካማ በሆነ ስልክ በበቂ መጠን ማጉላት ስለማይቻል አምፕሊፋየር መግዣም ከዋጋው ጋር መታሰብ ይኖርበታል።

ጆሮ ራሱ ድምፅን ይለውጣል

770 እና 990 ሁለቱም ከ5 እስከ 35,000 ኸርዝ እንደሚያሰሙ መግለጫቸው ይናገራል። ጤናማ የወጣት ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው። ቁጥሮቻቸው አንድ ዓይነት ቢሆኑም ድምፃቸው ግን የተለያየ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የክልሉን ዳርቻ እንጂ በክልሉ ውስጥ የትኛው ድግግሞሽ ምን ያህል እንደሚጎላ አይነግረንም።

የጆሮ ቦይ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በአንድ በኩል በታምቡር የተዘጋ ነው። በአንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ርዝመቱ የሞገድ ርዝመት አንድ አራተኛ በሚሆንበት ድግግሞሽ እንደሚያስተጋባ በፊዚክስ ትምህርት እናውቃለን። የድምፅን ፍጥነት 343 ሜትር በሴኮንድ ብንወስድ ውጤቱ ወደ 3,400 ኸርዝ ይሆናል። ስለሆነም ከድምፅ ማጉያ ወደ ጆሯችን የሚደርስ ሙዚቃ በዚህ አካባቢ ጎልቶ መስማት ለአንጎላችን የተለመደ ነው። የሐርማን ተመራማሪ ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባደረጓቸው ጥናቶች አብዛኛው አድማጭ የሚወደው በጥሩ ክፍል ውስጥ የተቀመጠን ጥሩ ድምፅ ማጉያ የሚመስል ማዳመጫ መሆኑን አሳይተዋል።

በዚህ ሚዛን ኤችዲ 600 የሰውን ድምፅና የመሲንቆን ለዛ በተመጣጠነ ሁኔታ ያሰማል፤ እጅግ ዝቅተኛ የሆነው የከበሮ ድምፅ ግን ይሳሳበታል። ዲቲ 990 ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ክልል ያጎላል፤ መጀመሪያ ላይ ያስደስታል፣ ከረጅም ሰዓት በኋላ ግን የሚያደክማቸው አሉ። ዲቲ 770 ጥልቅ የሆነ ዝቅተኛ ድምፅ አለው። ኬ 701 የመሣሪያዎቹን ቦታ ለይቶ በማሰማት የታወቀ ሲሆን ዝቅተኛው ክልል ቀለል ይልበታል።

ምቾትና ድምፅ

ክብደታቸው ብዙም አይለያይም፤ ኬ 701 235፣ ዲቲ 990 250፣ ኤችዲ 600 260፣ ዲቲ 770 270 ግራም ያህል ናቸው። ምቾትን የሚወስነው ክብደት ብቻ ሳይሆን ግፊት፣ ማለትም ለቦታው ስፋት የተካፈለው ክብደት ነው። ከሁሉም ቀላል የሆነው ኬ 701 ከቆዳ በተሠራው ማንገቻው ላይ ባሉት እብጠቶች የተነሳ የአንዳንድ ሰዎችን አናት ያሳምማል። ኤችዲ 600 አዲስ ሳለ ጎንና ጎን አጥብቆ ይይዛል። የባየርዳይናሚኮቹ ከፋይ መሰል ጨርቅ የለበሰ ክብ ትራስ ለረጅም ሰዓት የሚስማማ ነው።

ምቾት ከድምፅ ጋር የተያያዘ መሆኑም ልብ ይሏል። የመነጽር እጀታ ወይም ወፍራም ሹሩባ በትራሱና በቆዳ መካከል ቀዳዳ ሲተው፣ በተለይ በዝግ ማዳመጫ፣ ዝቅተኛው ድምፅ ይሸሻል። ስለዚህ ያው ማዳመጫ በሁለት ሰዎች ጭንቅላት ላይ ሁለት ዓይነት ድምፅ ሊያሰማ ይችላል።

ዋጋው ምን ይነግረናል?

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጄሩን ብሬባርት ጥናት 283 ማዳመጫዎችን ለክቶ በድምፃቸው ሚዛንና በዋጋቸው መካከል ዝምድና እንደሌለ ደርሶበታል። ከፍ ያለው ገንዘብ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ጥንካሬን፣ ምቾትንና ሲበላሽ የሚለወጥ መለዋወጫን ነው። ለምሳሌ የኤችዲ 600 ገመድ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል።

ገንዘብ የማይመልሰው ግን መስሚያን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን በ80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዲሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 90 ዲሲቤል የሚፈቅደው 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከላይ ያየነው 107 ዲሲቤል ግን በሳምንት 5 ደቂቃ እንኳን አይሞላም! በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። ጥሩ ማዳመጫ ደግሞ ሲጎላ ድምፁ ስለማይንቋረር መጠኑ ማለፉን ላያስታውቅ ይችላል። ጫጫታ ባለበት ስፍራ በክፍት ማዳመጫ ማዳመጥ ድምፁን ወደ ላይ እንድንገፋ ስለሚያስገድደን አደጋው የባሰ ነው።

እንግዲህ ጸጥ ያለ ክፍል ያለውና የሰውን ድምፅ የሚወድ ኤችዲ 600ን፣ በጫጫታ መካከል የሚውል ደግሞ ዲቲ 770ን ቢመለከት ይበጀዋል። ከመግዛት በፊት ግን በሚገባ የሚያውቁትን ዘፈን ይዞ መሄድ፣ ማዳመጫውን ግማሽ ሰዓት ያህል በራስ ላይ ማቆየት፣ የድምፁን መጠን ማስተካከል፣ ከተቻለም የዋጋውን ወረቀት ሳያዩ ማነጻጸር ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ድምፅ አጥግቦ የሚያሰማው እርሱ ነው የተሻለው።